የመዳፍ ወሰን፦ የአሜሪካ ፖሊስ የመንገድ ላይ ፍተሻ ታሪክ

የአሜሪካ ፖሊስ መንገድ ላይ ያስቆመውን ሰው ከልብሱ በላይ በመዳፉ እየዳበሰ መሣሪያ መያዝ አለመያዙን የሚያይበት ፍተሻ በሕግ ከሙሉ ብርበራ ይለያል። ለሙሉ ብርበራ የዳኛ ትእዛዝ ወይም ወንጀል መፈጸሙን የሚያሳይ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ለዳበሳው ከዚያ ያነሰ ጥርጣሬ ይበቃል። ጥርጣሬው ስላነሰ የፖሊሱ እጅም በዚያው ልክ እንዲያጥር ተደርጓል፤ የሚነካው የላይኛውን ልብስ፣ የሚፈልገውም መሣሪያ ብቻ ነው። መሣሪያ የሚመስል ነገር ካልዳሰሰ ኪስ ውስጥ መግባት አይችልም። ይህን ልክ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1968 ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ወይም ሆቴል በር ላይ ክንዱን ዘርግቶ መፈተሽን የለመደ አንባቢ ሁለቱን እንዳያምታታ ያስፈልጋል። የበር ላይ ፍተሻ የሚገባውን ሁሉ የሚመለከት ነው፤ አሜሪካም ውስጥ በአውሮፕላን ማረፊያና በፍርድ ቤት በር ላይ አለ። እዚህ የሚነገረው መንገዱን ይዞ የሚሄድ አንድ ሰው፣ ከመንገደኛው መካከል ተለይቶ፣ ስለተጠረጠረ ብቻ የሚፈተሽበት ነው። የሚያዋርደውም መለየቱ ነው።

ልማዱ ከሕጉ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ1285 የወጣው የእንግሊዞች የዊንቸስተር ድንጋጌ የከተማ ዘበኞች ጨለማ ከወደቀ በኋላ የሚያልፈውን እንግዳ ሰው ይዘው እንዲያሳድሩና እስኪነጋ እንዲጠብቁት ይፈቅድ ነበር። እንግሊዞች ይህን የሌሊት ዘብ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ይዘውት ሄዱ። በደቡቡ ክፍል ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘብ ተጨመረበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሳውዝ ካሮላይና ባሉ ቅኝ ግዛቶች የተቋቋሙ ቃኚዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ጥቁር ባሪያ ከጌታው የተጻፈለትን የይለፍ ወረቀት ይጠይቁት፣ ጎጆውንም ገብተው መሣሪያ ይፈልጉ ነበር። በኋላ ዘመን በፖሊስና በጥቁር አሜሪካውያን መካከል የተፈጠረውን ቅሬታ ያለዚህ ታሪክ መረዳት አይቻልም።

ነጮቹ ሰፋሪዎችም በፍተሻ የተማረሩበት የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የእንግሊዝ የጉምሩክ ሹማምንት ኮንትሮባንድ ለመያዝ የማንንም ቤትና መጋዘን እንዲበረብሩ የሚያስችል ጥቅል ትእዛዝ ይይዙ ነበር። ትእዛዙ የማን ቤት እንደሚበረበርም ሆነ ምን እንደሚፈለግ አይገልጽም። በ1761 ጠበቃው ጄምስ ኦቲስ ቦስተን በሚገኝ ችሎት ፊት ይህን ትእዛዝ ተቃውመው ለሰዓታት ተከራከሩ። በክርክሩ ቢሸነፉም ቁጭቱ አልበረደም፤ ከነጻነት በኋላ በ1791 በጸደቀው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውስጥ ገባ። ማሻሻያው በእንግሊዝኛ 54 ቃላት ብቻ ነው። ሰዎች በአካላቸው፣ በቤታቸው፣ በወረቀታቸውና በንብረታቸው ላይ ያለ አግባብ ከሚደረግ ብርበራና መያዝ እንዲጠበቁ ይደነግጋል፤ የብርበራ ትእዛዝም በቂ ምክንያት ሳይኖር እንዳይሰጥ ይከለክላል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ቤት አይደለም፤ አካል ነው። ያም ሆኖ አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ የሰው ልብስ ሲዳብስ «ብርበራ» አካሂዷል ይባላል ወይስ አይባልም የሚለውን ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለ177 ዓመታት ያህል በቀጥታ አልመለሰውም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ፖሊሶች ይዳብሱ ነበር። የሚከለክላቸው ሕግ አልነበረም፤ በግልጽ የሚፈቅድላቸውም እንዲሁ። በ1942 የተዘጋጀ አንድ ሞዴል የእስራት ሕግ፣ ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው አስቁሞ እንዲጠይቅና ለደህንነቱ ከሰጋ ለመሣሪያ እንዲፈትሸው ሐሳብ አቀረበ፤ የተቀበሉት ግን ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ናቸው። የቀሩት ዝም አሉ። ዝምታው ያልከበዳቸው በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ማስረጃም ቢሆን በአብዛኞቹ የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት ስለነበረው ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከ1914 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ውድቅ ቢያደርጉም ሕጉ መንገድ ላይ የሚውለውን የከተማ ፖሊስ አይነካውም ነበር።

ይህን የለወጠው ጉዳይ የተነሣው ከኦሃዮዋ የክሊቭላንድ ከተማ ነው። በ1957 ፖሊሶች ዶልሪ ማፕ የተባለች ጥቁር ሴት ቤት በር ሰብረው ገቡ፤ ትእዛዝ አሳዩን ስትላቸው አንድ ወረቀት አውለበለቡባት፤ የፈለጉትን ሰው ትተው በሌላ ነገር ከሰሷት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 በሰጠው ፍርድ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በየትኛውም የክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዳይኖረው ወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ኪስ የወጣ ሽጉጥ ችሎት ሲቀርብ «እንዴት ተገኘ?» የሚል ጥያቄ ተከትሎት ይመጣ ጀመር። ኒውዮርክ መልሱን ቀድማ ለማበጀት በ1964 ፖሊስ የጠረጠረውን አስቁሞ እንዲፈትሽ በግልጽ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ጠበቆችም ወዲያው ሕጉን ይሞግቱ ጀመር። ለመላው አገር መልስ ያስገኘው ክስ ግን እንደገና ከዚያችው ከክሊቭላንድ መጣ።

ቀኑ ኦክቶበር 31፣ 1963፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መርማሪ ማርቲን ማክፋደን የፖሊስ ልብስ ሳይለብስ በከተማዋ መሀል ይዘዋወራል። በፖሊስነት 39 ዓመት፣ ከዚህም ውስጥ በመርማሪነት 35 ዓመት ሠርቷል፤ በዚያ አካባቢ ኪስ አውላቂዎችንና ከሱቅ የሚሰርቁትን ሲጠባበቅ 30 ዓመት ሆኖታል። ሂዩረን ጎዳናና ዩክሊድ ጎዳና የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ጆን ቴሪና ሪቻርድ ቺልተን የተባሉ ሁለት ሰዎች ቆመው አየ። ቀድሞ አያውቃቸውም። ለምን ዐይኑ እንዳረፈባቸው በኋላ ሲጠየቅም ይህ ነው ብሎ መናገር አልቻለም።

ከነበሩበት 100 ሜትር ያህል ርቆ አንድ ሱቅ መግቢያ ላይ ቆሞ ተመለከታቸው። አንደኛው ተነሥቶ በሱቆቹ ፊት ያልፋል፤ በአንዱ ሱቅ መስኮት ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ጥቂት ይራመድና ይመለሳል፤ በዚያው መስኮት ደግሞ ያያል፤ ከጓደኛው ጋር ይነጋገራል። ቀጥሎ ሁለተኛው እንደዚያው ያደርጋል። በየተራ አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። በመካከል ሦስተኛ ሰው መጥቶ አነጋግሯቸው ሄደ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ሁለቱ ያ ሰው በሄደበት አቅጣጫ ተጓዙ፤ ዙከር በሚባል ልብስ መሸጫ ፊት ለፊትም ከእርሱ ጋር ተገናኙ። ማክፋደን ሰዎቹ ሱቁን ለመዝረፍ እያጠኑ ነው፣ መሣሪያም ሳይዙ አይቀሩም ብሎ ጠርጥሯል።

ቀረባቸው፤ ፖሊስ መሆኑን ነግሮ ስማቸውን ጠየቀ። የመለሱለት ከጉርምርምታ አላለፈም። ወዲያው ቴሪን ይዞ አዞረው፤ በራሱና በሁለቱ መካከል አድርጎ ከልብሱ በላይ ዳበሰው። በካፖርቱ የግራ ደረት ኪስ ውስጥ ሽጉጥ ተሰማው። እጁን ቢሰድም ማውጣት አቃተው። ሦስቱንም ወደ ሱቁ እንዲገቡ አዘዘ፤ ሲገቡ የቴሪን ካፖርት አውልቆ ሽጉጡን አወጣ፤ ሦስቱንም እጃቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዲያዞሩ አደረገ። ከቺልተን ካፖርት የውጭ ኪስም ሁለተኛ ሽጉጥ ተገኘ። ሦስተኛው፣ ካትዝ፣ ተዳብሶ ምንም አልተገኘበትም። መዝገቡ እንደሚያሳየው ማክፋደን እጁን ከካትዝ ካፖርት ሥር አላስገባም፤ የሁለቱንም ኪስ የፈተሸው ሽጉጡ በመዳፉ ከታወቀው በኋላ ነው። በኋላ ዳኞቹ የፍተሻውን ወሰን ያሠመሩት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የካትዝ ካፖርት ከሁለቱ ሽጉጦች ያላነሰ ቦታ ይገባዋል።

ተከሳሾቹን የያዙት ጠበቃ ሉዊስ ስቶክስ ነበሩ። በኋላ ለረጅም ዓመታት የኮንግረስ አባል የሆኑት ናቸው፤ ወንድማቸው ካርል ስቶክስ በ1967 የክሊቭላንድ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል። ዐቃቤ ሕጉ ሩበን ፔይንም ጥቁር ነበሩ። ቴሪና ቺልተን ጥቁሮች፣ ማክፋደን ነጭ ነው። ስቶክስ ማክፋደንን በመስቀለኛ ጥያቄ ያዙት፦ በ39 ዓመት ውስጥ ዘራፊ ሱቅ ሲያጠና አይቶ ያውቃል? እውነቱን ለመናገር አላየም ሲል መለሰ። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ፍተሻው ከሕጋዊ እስራት ጋር የተያያዘ ነው የሚለውን የዐቃቤ ሕግ ክርክር አልተቀበሉም፤ ፖሊሱ ለራሱ ደህንነት መዳበሱን ግን ተገቢ አድርገው ሽጉጦቹን በማስረጃነት ተቀበሉ። ቴሪ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቺልተን ጉዳዩ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመወሰኑ በፊት ሞተ።

ክርክሩ በዋሽንግተን የተሰማው ዲሴምበር 12 ቀን 1967 ነው። ዳኞቹ ፊት ሁለት ጽንፍ ቀረበ። ከፖሊስ ወገን «ማስቆም» መያዝ አይደለም፣ «መዳበስ»ም ብርበራ አይደለም፣ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ አይመለከተውም ተባለ። ከተከሳሾቹና ከጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ወገን በቂ ምክንያት ከሌለ የሰው ገላ አይነካም፤ ይህ በር በትንሹ ከተከፈተ የድሆች ሰፈር ነዋሪ ማታ ማታ ግድግዳ ተደግፎ ሲፈተሽ ይኖራል የሚል ክርክር ቀረበ። ዘመኑም አስጨናቂ ነበር። በየከተማው ብጥብጥ ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በኤፕሪል 1968 ተገደሉ፤ ሮበርት ኬኔዲ በጥይት ተመትተው የሞቱት ፍርዱ ሊሰጥ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

ስምንቱን የአብላጫ ድምፅ ዳኞች ወክለው ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኧርል ዋረን ነበሩ። ዋረን የመጀመሪያውን ጽንፍ በማያሻማ ቃል ጣሉት። ስለ ፍተሻ አፈጻጸም የተጻፈ አንድ የፖሊስ ማስተማሪያ ጠቅሰው ጣቶች ከብብት እስከ ወገብ፣ ከጉያ እስከ እግር ጫፍ እንዴት እንደሚሄዱ አሳዩ፤ አንድን ዜጋ በሰው ፊት እጁን አስነሥቶ እንዲህ መዳበስ ተራ ነገር ነው ማለት አይቻልም አሉ። ስለዚህ ዳበሳ ብርበራ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ይገዛዋል። ሁለተኛውን ጽንፍም አልተቀበሉም። ፖሊሱ ሽጉጥ ይዟል ብሎ ከሚያስበው ሰው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ በቂ ምክንያት እስኪሟላ እንዲጠብቅ ማድረግ ሕይወቱን ማስያዝ ነው ብለዋል።

በመካከል ያቆሙት መለኪያ ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው፣ ፍተሻው ሲጀመር ምክንያት ነበረው ወይ? ፖሊሱ «ልቤ ነገረኝ» ማለት አይበቃውም፤ ያየውን ነገር አንድ በአንድ በቃል መዘርዘር አለበት፤ ያ ዝርዝርም ሰውየው መሣሪያ ይዟል፣ አደገኛም ነው ብሎ ማንም ጠንቃቃ ሰው እንዲሰጋ የሚያደርግ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ፍተሻው ከጀመረበት ምክንያት አልፏል ወይ? ምክንያቱ ፖሊሱንና መንገደኛውን ከመሣሪያ መጠበቅ ስለሆነ ማስረጃ ፍለጋ አይፈቀድም። ማክፋደን ሁለቱንም አልፏል ተባለ። ዳኛ ባይረን ኋይት በተጨማሪ ሐሳባቸው፣ የቆመው ሰው ለሚቀርብለት ጥያቄ የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት አስታወሱ።

ብቻቸውን የተለዩት ዊሊያም ዳግላስ ናቸው። ክርክራቸው አጭርና ስለታም ነበር፦ ዳኛ በቂ ምክንያት ካልቀረበለት ትእዛዝ መስጠት አይችልም፤ ዛሬ ግን ፖሊስ ዳኛ ራሱ የሌለውን ሥልጣን አገኘ። ይህን ማድረግ ካስፈለገ ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ይወስን አሉ። ያኔ አልተሰሙም፤ በኋላ የተከተለውን ሲያዩት ግን ክርክራቸው ቀላል አልነበረም።

የወሰኑ ትርጉም በዚያው ዕለት በሌላ ጉዳይ ተፈተነ። ብሩክሊን ውስጥ አንድ ፖሊስ ሲብሮን የተባለ ሰው ከዕፅ ተጠቃሚዎች ጋር ሲነጋገር ለስምንት ሰዓት ተከታተለው። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማም፤ ሲቀባበሉም አላየም። ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ቡናና ኬክ ይዞ ተቀምጦ አገኘው፤ ወደ ውጭ አስወጥቶ «የምፈልገውን ታውቃለህ» አለው። ሲብሮን እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ፖሊሱም ፈጥኖ እዚያው ኪስ ውስጥ እጁን ከተተና ሄሮይን አወጣ። ዳኞቹ ፍርዱን ሻሩት። ሰውየው መሣሪያ ይዟል የሚያሰኝ ነገር አልነበረም፤ ፖሊሱም ከውጭ ሳይዳብስ በቀጥታ ኪስ ገባ። ማክፋደንና ይህ ፖሊስ የተለያዩት በዚህ ነው።

ዋረን በቴሪ ጉዳይ በጻፉት ፍርድ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር በግልጽ አምነዋል። በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘን ማስረጃ መጣል ፖሊስን የሚገታው ፖሊሱ ሰውየውን ለመክሰስ ሲፈልግ ብቻ ነው። ለማስፈራራት ወይም ለማዋረድ ሲል የሚፈትሽ ግን ችሎት አይሄድም፤ ጥቁሮች በተደጋጋሚ የሚያሰሙትን የጅምላ ትንኮሳ አቤቱታ እንዲህ ያለው ቅጣት አያስቆመውም ሲሉ ጻፉ። የተፈተሸና ምንም ያልተገኘበት ሰው፣ ማለትም ካትዝን የመሰለ ሰው፣ ጉዳዩን የወንጀል ችሎት አያየውም። ይህ ክፍተት እስከ ዛሬ አልተደፈነም።

ከ1968 በኋላ ወሰኑ በአንድ በኩል ሲሰፋ በሌላ በኩል ተጠበቀ። በ1972 ኮኔቲከት ውስጥ አንድ ጠቋሚ የነገረውን ብቻ ይዞ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ወገብ ሽጉጥ ያወጣ ፖሊስ ትክክል ነው ተባለ። ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ተቃወሙ። በቴሪ ጉዳይ ከአብላጫው ጋር የቆሙት ማርሻል፣ ያኔ የተደረገው ሚዛን በጣም ስስ እንደነበርና አሁን ወደ መንግሥት እንዳጋደለ ጻፉ። በ1977 ፖሊስ በትራፊክ ጥፋት ያስቆመውን አሽከርካሪ ከመኪና ውረድ ማለት እንደሚችል፣ በ1983 ደግሞ አደገኛ ነው ብሎ ከጠረጠረ መኪናው ውስጥ መሣሪያ ሊገኝ የሚችልበትን ቦታ መፈተሽ እንደሚችል ተፈረደ። በዋሽንግተን ታክሲ ለሚነዳው ኢትዮጵያዊም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው፤ ጥበቃው ዜጋ መሆንን አይጠይቅም።

የእጁን ልክ ያጠበቁት ፍርዶች ግን የበለጠ ያስተምራሉ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ለመበርበር ትእዛዝ የያዙ ፖሊሶች እዚያ የተገኘውን ደንበኛ ሁሉ መዳበሳቸውን ውድቅ አደረገ፤ መጥፎ ቦታ መገኘት ብቻውን የአንድን ሰው ገላ ለፍተሻ አይሰጥም። በ1993 ከሚኒያፖሊስ የመጣው ጉዳይ ወሰኑን እስከ ጣት ጫፍ አደረሰው። ፖሊሱ ዲከርሰን የተባለ ሰው የለበሰውን ናይለን ጃኬት ሲዳብስ ኪሱ ውስጥ አንዲት ትንሽ እብጠት ተሰማችው። መሣሪያ አለመሆኗን ዐውቋል። ሆኖም በጣቶቹ ጨመቃት፣ አንሸራተታት፣ አገላበጣት፤ ከዚያም ኮኬይን ነው ብሎ አወጣት፤ የግራም አንድ አምስተኛ ነበረች። ዳኞቹ መዳፉ ሲያርፍ ያለ ተጨማሪ መነካካት ወዲያው የታወቀ ሕገ ወጥ ነገር ሊወሰድ እንደሚችል ተቀበሉ፤ መጭመቅና ማገላበጥ ግን አዲስ ብርበራ ነው ብለው ማስረጃውን ጣሉ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያም፣ አራተኛውን ማሻሻያ ያጸደቁት ኩሩ ሰዎች በጥርጣሬ ብቻ እንዲህ መዳበስን ይቀበሉት ነበር ማለት እንደሚያጠራጥራቸው ጻፉ።

በ2000 ሁለት ፍርዶች ተሰጡ። ማያሚ ውስጥ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ባለ ዳማ ሸሚዝ ወጣት ሽጉጥ ይዟል የሚል ስሙ ያልታወቀ ሰው ስልክ ብቻውን ለፍተሻ አይበቃም ተባለ፤ ሽጉጡ ቢገኝም። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ወንጀል በበዛበት ሰፈር ፖሊስ አይቶ መሮጥ ለማስቆም የሚበቃ ጥርጣሬ ይፈጥራል ተባለ። በድሃ ሰፈር የሚኖር ሰው ከፖሊስ የሚሸሸው ወንጀለኛ ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ፍርድ ያስቸግራል።

ሕጉ በአንድ ሰው ላይ በአንድ መዳፍ እየተለካ ሲሄድ ልማዱ በኒውዮርክ ጅምላ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1999 አራት የሲቪል ልብስ የለበሱ ፖሊሶች ከጊኒ የመጣውን የ23 ዓመት ወጣት አማዱ ዲያሎን በራሱ ቤት በር ላይ 41 ጥይት ተኩሰው ገደሉት፤ ምንም መሣሪያ አልያዘም ነበር። ክፍላቸው በየመንገዱ በሚያደርገው ፍተሻ የታወቀ ነበርና ክስ ተመሠረተ፤ በ2003 በስምምነት ተቋጨ። ፍተሻው ግን ጨመረ። በ2002 የተመዘገበው ማስቆም 97 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2011 ከ685 ሺህ በላይ ደረሰ። ፖሊሱ ለእያንዳንዱ ማስቆም ቅጽ ይሞላ ነበር፤ ቅጹ ላይ «አጠራጣሪ እንቅስቃሴ» የሚል ሣጥን ነበር፤ በዚያ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃው ነበር። ዋረን የጠየቁት በቃል የሚዘረዘር ምክንያት በዚህ ሣጥን ተተካ።

በዚህ አሠራር ላይ በቀረበ ክስ ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን በኦገስት 2013 በሰጡት ፍርድ ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ የተደረጉ 4.4 ሚሊዮን ማስቆሞችን መዝገብ መረመሩ። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ዳበሳ ተደርጓል፤ ከተዳበሱት ውስጥ መሣሪያ የተገኘባቸው 1.5 በመቶ ብቻ ናቸው። ከቆሙት 83 በመቶው ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ሲሆኑ፣ 88 በመቶው ሳይታሰሩም ሳይከሰሱም ተለቀዋል። ዳኛዋ ከተማዋ አራተኛውንና በእኩልነት የመጠበቅ መብትን የሚደነግገውን አሥራ አራተኛውን ማሻሻያ ጥሳለች ብለው ፈረዱ፤ ገለልተኛ ተቆጣጣሪም ሾሙ። ያለዚያ መዝገብ እነዚያ ባዶ እጃቸውን የተለቀቁ ሰዎች በየትም ችሎት አይታዩም ነበር። ፍተሻ ሲቀንስ ግድያ ይበዛል የሚለው ስጋት አልደረሰም፤ በ2014 የተመዘገበው ማስቆም ከ50 ሺህ በታች ሲወርድ፣ በ2017 በከተማዋ የተፈጸመው ግድያ ከ300 ያነሰ ነበር።

አሁን ክርክሩ ያተኮረው ከዚህ ወሰን ውጭ በሚቀረው «ፈቃድ» ላይ ነው። ሰው እሺ ካለ ፖሊስ ጥርጣሬ ሳያስፈልገው ይፈትሸዋል፤ እምቢ ማለት እንደሚችል እንዲነግረውም የ1973ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አያስገድድም። ብዙ ሰው መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ «ልይህ?» ሲለው እምቢ ማለት የሚቻል አይመስለውም። ኒውዮርክ ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ ፖሊሱ በፈቃድ ብቻ ሲፈትሽ ሰውየው እምቢ ማለት እንደሚችል እንዲነግረውና የራሱን ስም የያዘ ካርድ እንዲሰጠው አስገድዳለች። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የከተማዋ ምክር ቤት የከንቲባውን ተቃውሞ ሽሮ ባጸደቀው ሕግ ፖሊስ ለምርመራ ብሎ ያነጋገረውን ሰው ሁሉ፣ ሳያስቆመውና ሳይዳብሰው ቢተወውም፣ እንዲመዘግብ ግዴታ ተጣለበት።